የሽማግሌው ሳል

የሆሳዕና ኳስ ሜዳ ላይ፣ "ክፉ ሰው ገበያ ውስጥ የአባ ሰንጋ በሽታ የሚያስይዝ ዱቄት ቢበትንስ?" ተብሎ የጤና ባለሙያዎች ልምምድ ተዘጋጅቷል። በሽተኛ መስለው ከተኙት ነዋሪዎች መካከል አንድ ከሆመቾ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። የፕላስቲክ ጫማቸው ታጥቦ ያበራል። ቃሬዛው ላይ ሲያስተኟቸውም ጃንጥላቸውን አልለቅም ብለዋል።

ተራቸው ደርሶ ሲያስሉ ነርስ ዮዲት ደነገጠች። ሳሉ ከደረታቸው ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ ይመስላል። ከአምቡላንሱ ሮጣ አጠገባቸው ተንበረከከች።

"አባባ፣ የእውነት አመመዎት እንዴ?"

"ኧረ ደኅና ነኝ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ባለቤቴ እንዲህ ነበር የምታስለው። ሌላ ሳል አላውቅም።"

ዮዲት እጃቸውን ያዘች።

"ያኔ ተሸክመን ጤና ጣቢያ ስናደርሳት የሚቀበለን ሰው አልነበረም። ዛሬ አንቺ ስትሮጪ አየሁ፤ ደስ አለኝ።"

አስተባባሪው ልምምዱ ማለቁን በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ሌሎቹ እየተሳሳቁ ተነሡ። ሽማግሌው ግን ፈገግ ብለው እንደተኙ ቀሩ።

"ካልደከመሽ፣ አንዴ ልድገመውና እንደገና ነይልኝ።"

ዮዲት ጭንብሏን አስተካክላ፣ እንደገና ልትሮጥ ወደ አምቡላንሱ ተመለሰች።