በአመድ የታጠበ ብር

አባቴ ዘይኑልአቢዲን የአልዩ አምባ ብር መርማሪ ነበር። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ገበያ መሐል ይቀመጣል፤ ሻጭና ገዥ የተጣሉበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ያመጡለታል፤ እሱ ደኅና ነው ወይም አይደለም ይላል። ብሩ ላይ በተቀረጸችው ሴትዮ ዘውድ ላይ ያሉትን ፈርጦች ያያል፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ በጥፍሩ ይዳብሳል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። ለዚህ እፍኝ ጨው ወይም በርበሬ ይሰጡታል። በዚያ ነው ያሳደገን፤ ስለዚህ ሥራውን ማንም ሲያቃልልብኝ አልወድም።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን ሥራው መከራ ሆነ። ጣሊያኖቹ ያንኑ የሴትዮዋን መልክ በአገራቸው እያተሙ አዲስ ብር አመጡ። አባቴ መርምሮ ብሩ ያው ብር እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ገበያተኛው ግን የሚያብለጨልጭ ካየ እጁን ይሰበስባል። “የጠላት ነው፤ እነሱ ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል” ይላል። የጣሊያኑ ሹም በበኩሉ አሮጌና አዲስ እያለ የሚለይ ይገረፋል ብሎ አዋጅ አስነገረ። አባቴንም አስጠርቶ፣ አስፈራርቶ ለቀቀው። ሳይገረፍ መመለሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ምን ቢላቸው ነው የለቀቁት የሚል ሐሜት ተነሣ። በሁለት ወገን ተይዞ ይውልና ማታ ሲገባ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ይተኛ ነበር። ተወው ስንለው “እኔ ከተነሣሁ እርስ በርስ ማን ይተማመናል?” ይለናል።

ግንቦት ላይ ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል የቄስ ሚስት የነበረች ባልቴት ከአንኮበር ወረደች። አንዱ በሬዋ ሞቶባታል፤ ክረምት ሳይገባ ጥንዱን ካላሟላች መሬቷ ጦም ማደሩ ነው። ባሏ ቀብሮት የነበረውን ብር ብታወጣው ጠቁሮ አገኘችው። ሰው እንዳይንቅብኝ ብላ በአመድና በሎሚ ፈትጋ አጠበችው። መዳፏ ላይ ሲዘረጋ ዓይን ይወጋ ነበር። ልትገዛው ያሰበችው በሬ ባለቤት ዓወል ገና ሲያየው “ይሄ የጣሊያን ነው” አለ።

ተያይዘው ወደ አባቴ መጡ። እኔ አጠገቡ በርበሬ እሸጥ ነበር። አባቴ ብሩን አገላብጦ አየው። ብሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ጉንጭ ከእጅ ብዛት ለስልሷል፤ የጠርዙም ፊደል ደብዝዟል።

“አሮጌ ነው” አለው ዓወልን። “ስለታጠበ ነው እንጂ አሮጌ ነው። ተቀበል።”

ዓወል አንገቱን ደፋ። “አያ ዘይኑ፣ ድሮ ቢሆን በቃልዎ እሄድ ነበር። አሁን ግን ሹሙ ቤት ገብተው የወጡ ሰው ነዎት። ምን ላድርግ?”

ባልቴቷ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ከወገቡ ኮሮጆውን ፈታ። ወታደሮቹ ቤት መፈተሽ ከጀመሩ ወዲህ ለሐጅ ያጠራቀመውን ብር እዚያ ነበር የሚይዘው። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ራሱ የመረጠው ነው።

“እሜቴ፣ የእርስዎን ለእኔ ይስጡኝና ይህን ይውሰዱ” አላት።

“አባባ፣ ኧረ ተው” አልኩት። ማንም የማይነካውን ብር ይዞ እንዴት ነው መካ የሚደርሰው? በጣም ተናደድኩ።

“ደኅና ነው ያልኩትን እኔ ራሴ ካልተቀበልኩ ማን ይቀበለዋል?” አለኝ። ድምፁ ዝሏል።

ዓወል ጥቁሩን ብር ሲያይ ፊቱ ተፈታ፤ በሬውን ሊያመጣ ሄደ። ባልቴቷ ግን እንባዋን ጠርጋ ብሩን ታገላብጥ ጀመር። አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ፈተገችው፤ አልነጣም። ቀስ ብላ ተነሣችና ማዶ ወደተቀመጠው ጨው ነጋዴ ሄደች።

“ወንድሜ፣ እስቲ ይህን እይልኝ። እኚያ ሰውዬ ንጹሑን ብሬን ወስደው ይህን ሰጡኝ። አታለውኝ ይሆን?” ስትለው ሁለታችንም ሰማን።

ልነሣባት ስል አባቴ ቀሚሴን ያዘኝ። “ተያት። ብር ሳያስመረምሩ አይወሰድም” አለኝ።

ያ ጨው ነጋዴ በሕይወቱ ብር መርምሮ አያውቅም። አንዱን እንደ ነገሩ ገልበጥ አድርጎ አየና “ደኅና ነው” አላት። ወዲያው አመነችው፤ መርቃው ሄደች።

አባቴ ገበያው ሳይፈታ ቤት ገባ። “በሚቀጥለው ገበያ አትቀስቅሽኝ” አላት እናቴን ኡሙሀኒን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።