ሁለት ባይት ፈቀቅ

የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ወንበሯ ላይ መርፌ የተሰካ ይመስል ቁጭ ማለት አይሆንላትም። እርግዝናዋ ሲገፋ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት፤ ሆዷን አስቀድማ ከጠረጴዛ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ጠረጴዛ ትመላለሳለች። የባሏ እናት በስልክ «ኧረ ልጄ፣ ቁጭ በይ!» ሲሏት፣ «ተቀምጫለሁ እማዬ» የምትለው ቆማ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ የሚያከፋፍሉ ትንንሽ ሣጥኖች ይሠራል። የእሷ ድርሻ ድራይቨሩ ነው፤ የሣጥኑን የኔትወርክ ካርድና ፕሮሰሰሩን የሚያግባባው ፕሮግራም። በአሮጌው ሣጥን ሰጥ ለጥ ብሎ ይሠራ የነበረው ድራይቨር፣ ፕሮሰሰሩ በአዲስ ሲቀየር የመጀመሪያው ፓኬት፣ ማለትም የመጀመሪያው የመረጃ እሽግ፣ እንደገባ ድርቅ ይል ጀመር።

ምክንያቱ አላስቸገራትም። አዲሱ ፕሮሰሰር አመለኛ ነው፤ ሜሞሪው ውስጥ የተቀመጠበት አድራሻ ለአራት ካልተካፈለ ቁጥር አላነብም፣ አሻፈረኝ ይላል። ፓኬቱ ደግሞ ከፊቱ የላኪና የተቀባይ መለያ የሰፈረበት አሥራ አራት ባይት ስለሚሸከም፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በሁለት ባይት ይዛነፋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ከፊት ሁለት ባይት ባዶ ትቶ ሁሉን ፈቀቅ ማድረግ። አደረገችው። ሣጥኑ መድረቁን ተወ፤ የሚያነበው ግን ትርኪ ምርኪ ሆነ።

አጠገቧ የሚሠራው ባልደረባዋ ረጋ ያለ ስለሆነ «ሽማግሌው» ይባላል፤ በዕድሜ ግን ታናሿ ነው። «አንቺ ፈቀቅ በል አልሽው» አላት። «ካርዱ ሰምቶሻል ወይ?»

አልሰማትም ነበር። ካርዱ ለአራት የማይካፈል አድራሻ ሲሰጡት ሁለቱን ባይት ዝም ብሎ ይውጥና ከራሱ መነሻ ይጽፋል። አንዱ ካልተስተካከለ አላነብም ባይ፣ ሌላው ንቅንቅ አልልም ባይ!

«እንግዲህ የቀረን መገልበጥ ነው» አለ ሽማግሌው። «ካርዱ እንዳሻው ይጻፍ፤ እኛ ፓኬቱን ወደ ተስተካከለ ቦታ እንቅዳው።»

«ምን በወጣን ሁለቴ የምንሸከመው? ፍጥነቱ ገደል ይገባል! እንዲህ ያለ ሥራ አስረክቤ አልወልድም።»

«ልጁ አንቺን አያስፈቅድም፣ እህቴ።»

አልሰማችውም። ካርዱን የሚያሳምን አንዳች ማብሪያ ማጥፊያ ይኖር እንደሆን ብላ የአምራቹን መመሪያ ገጽ በገጽ አመሰችው። ምጡ የያዛት እዚያው፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። የመስኮቱን ደፍ ጨብጣ ጥርሷን ነከሰች። አናጢው ባሏ ፀጉሩ ላይ ያለውን ሰጋቱራ እንኳ ሳያራግፍ እየበረረ መጣና ሐኪም ቤት አደረሳት።

ሴት ልጅ ወለደች። በማግስቱ ሽማግሌው ደወለ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! እንዴት ነ—»

«ሣጥኑ ሠራ?» አቋረጠችው።

«ሠራ። ገለበጥኩት።»

«ፍጥነቱስ?»

«ትንሽ ወርዷል።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

ባሏ ስልኩን ከእጇ ነጠቀ። «ወንድሜ፣ ገና አራስ ናት እኮ!» ብሎ ዘጋው። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንባዋ መጣ። ለሣጥኑ ይሁን ለምኑ፣ ራሷም አላወቀችው።

ሣጥኖቹ ለደንበኞች ሄዱ። ከሳምንታት በኋላ አለቃዋ ሊጠይቃት ቤት ሲመጣ፣ የፍጥነቱን መቀነስ ያስተዋለ ሰው እንደሌለ ነገራት፤ ደስ እንዲላት ብሎ ነው። እሷን ግን ይህ ይበልጥ ከነከናት። «አንድም ሰው?» አለች። «አንድም?»