ውሃው የታመመ ጊዜ

ማንበብም መጻፍም የምችለው በግድ ነው። ይህን ግን የተማረ ሰው ቢጽፈው አሳምሮ ያበላሸዋል ብዬ ራሴ ጻፍኩት።

ጎረቤት በአንድ ለአምስት በሚጠረነፍበት ዘመን፣ ሆሳዕና ውስጥ የሰብል በሽታ የሚመረመርበት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ፒሲአር የሚባል ማሽን ገብቶለታል። በዓይን የማይታይ የበሽታ ቅንጣት ካገኘ፣ እያሞቀ እያቀዘቀዘ፣ ቁልጭ ብሎ እስኪታይ ያባዛዋል። ማሽኑ ጎበዝ ነው። የሚሰጡት ፕላስቲክ ነው ጉድ ያደረገው። ጥፍር የምታህል የናሙና መያዣ ቲዩብ፣ ክዳኗ ሲፈለግ አይከፈትም፣ ሲሞቅ ደግሞ ብድግ ይላል። የምትመረምረው፣ ከሺንሺቾ የመጣችው ልጅ ከክዳን ስትታገል አውራ ጣቷ ከፕላስተር ወጥቶ አያውቅም።

«በጥርሴ ልክፈትልሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«አባባ፣ አፍዎ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማሽኑ ቢያባዛው ሆሳዕና አትበቃንም!»

አለቃዋ ዘንድ ሄዳ ደህና ዕቃ ይገዛልኝ ብትል፣ «ፕላስቲክ ያው ፕላስቲክ ነው» ብሎ መለሳት።

በዚህ መሀል የባለቤቴ እንሰት ጠወለገ። እንሰት በእኛ አገር የሴት ነው፤ እኔ ሳላስፈቅዳት አንድ እግር አልነካም። ጎረቤታችን፣ የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ፣ አጥር ተሻግሮ መጣ።

«እትዬ፣ ይህ አጠውላጊ በሽታ ነው። ሳይዛመት ጓሮው በሙሉ ይነቀል። ቅዳሜ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«የዓመታት ምግቤን ባንተ ዓይን አልነቅልም። በማሽን ይታይ» አለችው።

ቅጠሉ ተወሰደ፤ ታሟል ተባለ። ቤታችን የለቅሶ ቤት መሰለ። በማግስቱ ልጅቷ ግንባሯን ቋጥራ ወጣች። ለማመሳከሪያ ብላ ንጹህ ውሃ ብቻ ያስገባችበት ቲዩብም ታሟል ብሏል ለካ! ለባለቤቴ ስነግራት መቀነቷን አጥብቃ በቀጥታ ጠርናፊው ደጃፍ ቆመች።

«ውሃውም ታሟል! መጀመሪያ ወንዙን ንቀልና ከዚያ ወደ እኔ ትመጣለህ!»

እኔ ግን አልገባኝም፤ ልጅቷን ጠየቅኳት።

«የታመመ እንሰት የቆረጡበትን ቢላ በእሳት ሳይለበልቡ ለጎረቤት ቢያውሱ በሽታው አብሮ ይሄድ የለ? እዚህም ክዳኑ ሲፈናጠር ፍንጣሪው ሌላው ውስጥ ይገባል። ጠብታ በምመጥበት በፒፔቱ አፍ የምሰካው ቀጭን ቲፕም ማጣሪያ ስለሌለው ፒፔቱ ራሱ ይበከላል።»

የታመመውን ውሃ ይዛ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። አለቃዋ ግዥው ላይ ፈረመ። አዲሱ ዕቃ ከአዲስ አበባ መጣ። ክዳኑ በአንድ ጣት ይከፈታል፤ ሲዘጋ ቀጭ ይላል፤ ቢሞቅም ንቅንቅ የለም። ቲፖቹ በሳጥናቸው ተሰድረው፣ እያንዳንዱ አንገቱ ውስጥ ማጣሪያ አለው። አንዷን ባዶ ቲዩብ ወስጄ በሩ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ ሳደርግ ዋልኩ፤ ልጅቷ ነጠቀችኝ። የእሷ ጣትም ከፕላስተር ተገላገለ።

ፒፔቱን አጽድታ እንደገና ቅጠል ልትወስድ ስትመጣ፣ ባለቤቴ፣ «አጥር በሽታ አይከለክልም፤ ከዚያ ማዶም ውሰጂ» አለቻት። ጠርናፊው እሰው ፊት እምቢ ማለት አፈረ።

ዓርብ ውጤቱ መጣ። ውሃው ጤነኛ። የእኛ እንሰት ጤነኛ። የጠርናፊው ሁለት እግር እንሰት ታሟል።

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል» አለ።

«ቅዳሜ ሰው ይዘህ ትመጣለህ አልነበር? ሰዉማ ተጠርቷል» አለችው ባለቤቴ።

ሰዉ መጣ፤ የእሱ ሁለት እግር ተነቅሎ ተቀበረ። እሷም ከራሷ ጓሮ ችግኝ መርጣ ሰጠችው። እስኪተክል ግን ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም፤ «ጠለቅ አድርገህ ቆፍር» ትለዋለች።

ቆፍረን ስናይ፣ የእኛን ያጠወለገው ሥሩን የበላ ፍልፈል ነበር። ወጥመድ ሳጠምድለት ከረምኩ። ባለቤቴ እየመጣች፣ «ዘበኛው፣ ያዝከው?» ትለኛለች። አልያዝኩትም።