መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ቁልፍ

አባ ይርጋ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ነጥቀው የኮምፒውተሬን ስክሪን የከደኑት አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው...

«ዝጋው! ዝጋው አልኩህ!»

«ምን ሆኑ አባ?»

«መስኮቱ አይታይህም? ወደ ነቬ ሐይም ሰፈር የሚሄደውን አውቶቡስ የሚጠብቀው ሁሉ ቁልፌን ሊያነበው ነው!»

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። ፌርማታው ላይ የነበሩት ደግሞ ከገበያ የተመለሱ አንዲት ባለ ዘንቢል አሮጊት ብቻ። ቢሆንም ስክሪኑን አጠፋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር። የኮምፒውተር ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ሥራዬ ላይብረሪ መጻፍ ነው... መጽሐፍ የሚደረደርበትን ሳይሆን ሌላ ፕሮግራመር ወስዶ የሚገለገልበትን የኮድ ስብስብ። እኔም ያለ በቂ ምክንያት የድሮ የምስጢር መጻፊያ ማሽን በኮድ ለመሥራት መረጥኩ። ፊደል የተጻፈባቸው ጎማዎች ያሉት፣ እጀታው ሲዞር የሚንኳኳ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። በየጎማው ዳር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚገፉ ጥቃቅን ሹሎች አሉ። የቱ ጎማ በየትኛው ፊደል ላይ ቆመ፣ የቱ ሹል ወዴት ተገፋ... ይሄ ሁሉ ተደምሮ የዕለቱ ቁልፍ ይባላል። ቁልፉን ያወቀ መልእክቱን ያነባል፤ ያላወቀ ዝባዝንኬ ያነባል። የኔ ጭንቀት ይህን ሁሉ ጎማና ሹል ኮድ ውስጥ እንዴት እንደማስቀምጠው ነበር።

አባ ይርጋ ጎረቤታችን ናቸው። ከማዘጋጃ ቤት ሚክታብ፣ ደብዳቤ ማለት ነው፣ በመጣባቸው ቁጥር ዕብራይስጡን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ደብዳቤያቸውን ይዘው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ የማሽኑን ሥዕል አዩ። ደብዳቤው ተረሳ።

«ይቺን ከየት አገኘሃት?» አሉ፣ የጠፋች ላም ያገኙ ይመስል።

ለካ ጎንደር ሳሉ የመገናኛ ክፍል ወታደር ነበሩ፤ እንጀራቸውም ይቺው ማሽን ነበረች! ከሕንጻችን ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሌሎቹ ሽማግሎች በየቀኑ አንድ አንድ ጦርነት ያሸንፋሉ። አባ ይርጋ ግን የሱፍ ፍሬያቸውን ይፈለቅቃሉ። እኛ ወጥ ቤት የነበሩ ይመስለን ነበር።

ሌላም የምናውቅላቸው ነገር ነበር። ከሚሠሩበት ፋብሪካ አንድም ቀን ፈቃድ ወስደው አያውቁም። አለቃቸው ቢለምናቸው እንኳ «አንዴ ያለ ፈቃድ ሄጃለሁ፤ ይበቃኛል» ነው መልሳቸው። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባን ያን ቀን ነው... ማለቴ የገባኝ።

እናታቸው ስለታመሙባቸው፣ ወደ ቤት ለመሄድ በሬዲዮ ፈቃድ ጠይቀው ነበር። መልሱ ሳይመጣ ጦርነቱ መጣ። ጣቢያው ሲለቀቅ አዛዣቸው ማሽኑን ጠላት እጅ እንዳይገባ በመዶሻ አስቀጠቀጠው። ልክ በዚያ ሰዓት ሬዲዮኑ ጮኸ፤ ለሳቸው መሆኑ ብቻ በግልጽ የተነገረ መልእክት፣ አምስት አምስት ፊደል እየሆነ፣ በምስጢር የተጻፈ። መፍቻው ደግሞ እግራቸው ሥር ስብርባሪ ሆኗል።

«ሂድ ይበለኝ፣ አትሂድ ይበለኝ፣ በምን ልወቅ? ሄድኩ። እናቴን ቀበርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ የከዳሁ ወታደር ልሁን የተፈቀደልኝ አላውቅም።»

መልእክቱንም የዚያን ቀኑን ቁልፍም፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ በቃላቸው ይዘውታል።

«ያንተ ማሕሼብ፣ ይሄ ኮምፒውተርህ፣ ይፈታዋል?»

«ይፈታዋል» አልኩ። ወጣት ነበርኩ።

ችግሩ መሐላቸው ነው። ቁልፉን ለማንም ላያሳዩ ምለዋል። ያማላቸው መንግሥት ወድቋል፣ የተካውም ወድቋል፣ መሐላው ግን ቤት ኤሊዔዘር ድረስ ተሰዶ መጥቷል። ስለዚህ ራሳቸው እንዲያስገቡ ተስማማን። የመጨረሻውን ሹል እንደጨረሱ፣ የኮራሁበት ኮድ ቁልፉን በሙሉ ስክሪኑ ላይ ዘረገፈው... ባርኔጣው የመጣው ያኔ ነው።

የቁልፉን ኮድ እንደገና ጻፍኩ። ቁልፉ ይገባል፣ ይሠራል፣ ተመልሶ ግን አይወጣም። «አሳየኝ» ቢሉት ኮከብ ብቻ ይደረድራል። አባ ይርጋ ደጋግመው ሞከሩትና «ይሄስ ሰው ሆነ» አሉ።

«በል ፊትህን አዙር።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የመብራት ኃይል ማመንጫውን ጭስ ማውጫዎች እያየሁ፣ በአንድ ጣት ሲመቱ እሰማለሁ... ጠቅ... ጠቅ... ከዚያ ጠቅታው ቆመ።

«አባ?»

«አትዙር።»

አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ። ወቅቱ የጉንፋን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ዘወር ስል ገመዱን ከግድግዳው ነቅለው ይዘውታል። ማሽን ትተህ ስትነሳ ቁልፉን አጥፋ የሚል ደንብ ነበራቸው። ዲስክ ላይ ያላስቀመጥኩት ኮድም አብሮ ሄደ።

«ሠራ?» አልኩ።

«ወታደር ነህ?»

«በየዓመቱ ሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ እጠራለሁ።»

«የኔ ጦር ወታደር ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያውስ።»

ደብዳቤያቸውን አንስተው ወጡ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን ተናድጄ ነው የተኛሁት። መምህሩ ላይብረሪህ በእውነተኛ መልእክት ተፈትኗል ወይ ሲለኝ ምን ልለው ነው? ተፈትኗል፣ ውጤቱ ግን ምስጢር ነው?

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስወርድ አባ ይርጋ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በሥራ ቀን! በነጠላ ጫማ! እግራቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ደነገጥኩ። «አባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ከሱፍ ፍሬው ዘገኑልኝ። «ፈቃድ ላይ ነኝ።»

እነሆ ስንት ዓመት ኮድ ስጽፍ ኖርኩ... «ፈተናውን አልፏል» የሚል መልእክት በነጠላ ጫማ ተጽፎ ያነበብኩት ግን ያኔ ብቻ ነው።