በእህቴ እጅ የተለካ እጀታ

የተቃጠለ ቀንድ በሸተተኝ ቁጥር መርሳ ከተማ የነበረው ግቢያችን ይመጣብኛል። አባቴ የጩቤና የጎራዴ እጀታ ሠሪ ነበር፤ የስለቱን ጭራ እሳት ውስጥ አግሎ፣ በተቦረቦረ የበሬ ቀንድ ውስጥ እየገፋ ሲያስገባው ግቢው በጭስ ይሞላ ነበር።

በበጋ፣ ደንበኛ በሚበዛበት ወቅት፣ ገበያ ላይ የገዢውን መዳፍ በክር ለክቶ፣ ክሩን ቋጥሮ ወደ ቤት ያመጣና ከመካከላችን ልኩ የሚሆነውን እጅ ይፈልግ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የታላቅ እህቴ የዘሀራ እጅ ነበር። «አላህ የወንድ እጅ ሰጥቶሽ፣ ቀለበት የሚያስርልሽ ከየት ይመጣል?» እያለ እንግዳ ፊት ይስቅባት ነበር። ከዚያ እጀታውን ሞራ ቀብቶ ይሰጣታል፤ ደም የነካው እጅም እንደዚያው ስለሚያሟልጭ፣ ጭድ የተጠቀጠቀበትን ጆንያ በኃይል ወግታ መዳፏ ካልተንሸራተተ ሥራው አለቀ ማለት ነበር።

አንድ ክረምት ከወልድያ የመጣ ደንበኛ ቀጭንና ልሙጥ እጀታ አዘዘ፤ ጣት ወደ ስለቱ እንዳያልፍ የሚያግደው ጉብታ ለዓይን አያምርም ብሎ እንዲቀርለት ጠየቀ። አባቴ እንደታዘዘው ሠራ። ዘሀራ ጨብጣ አየችውና ልትመልስለት ዘረጋችው።

«አባየ፣ ያሟልጫል።»

«ጠበቅ አድርገሽ ያዥው! እንጀራ ሲሆን መች ያሟልጭሻል?»

ወጋች። ጭዱ በዝናብ ርሶ ጠጥሮ ነበርና ስለቱ ሲቆም እጇ አልቆመም፤ ወደ ፊት ተንሸራቶ በስለቱ ላይ አለፈ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ያነሣው ጩቤውን ነው፤ ደሙን በሽርጡ ጠርጎ፣ እጀታውን አገላብጦ አየና «ጉብታ ያስፈልገዋል» አለ። እጇን ያሰረችላት እናታችን ናት።

መስከረም ሲጠባ ቁስሉ ጠገገ፤ የሦስት ጣቶቿ ጅማት ግን ተቆርጦ ስለነበር ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። አባቴ ጉብታ የሌለው እጀታ መሥራት ተወ፤ ስሙ ከወልድያም አልፎ ተሰማ፤ ክሩንም በእኔ እጅ ላይ ይለካ ጀመር።

ዛሬ አባቴ ያለ ምርኩዝ አይራመድም፤ የሚኖረውም ዘሀራ ቤት ነው። ምርኩዙን ያሠራችለት እሷ ናት፤ መያዣው ልሙጥ ነው፣ በቫርኒሽ የተለቀለቀ። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለሁ ከደጃፉ ሊወርድ ሲል እጁ ሸርተት አለበት።

«ዘሀራ፣ ይሄ ነገር ያሟልጫል።»

«ጠበቅ አድርገው ይያዙት፣ አባየ» አለችው፣ ዞር ብላም ሳታየው።

አባቴ ቀንድ ይሞርድበት የነበረው ሞረድ ከአልጋው ሥር ሣጥን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ መያዣውን ማሻከር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ያን ጊዜ በር ላይ ቆሜ ዝም ያልኩት ልጅ ስለነበርኩ ነው እል ነበር። አሁን ልጅ አይደለሁም፤ በሩ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ።