ለሦስት ሰው አንድ ዘንግ

የጓደኛዬ ሚስት ያረፈችው መስከረም ሲጠባ ነው። እሱ ወገዳ ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው። እኔ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። ሦስተኛው ጓደኛችን አናጺ ነው፤ ቤቱ ከእኔ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ሦስታችንም ሃምሳን ተሻግረናል። ባለፉት ሃያ ዓመታት ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ዘግተን ዓሣ ለማጥመድ ቁልቁል ወደ ወንዝ የምንወርደው እኛ ብቻ ነበርን ማለት ይቻላል። የደጋ ሰው ዓሣን ከምግብ አይቆጥረውም፤ ዘንግ ተሸክመን ስናልፍ ይስቁብን ነበር። ያስተማረን ባለወፍጮው ነው። እሱ ያደገው ቆላ፣ ወንዝ ዳር ስለሆነ መንጠቆ እንዴት እንደሚታሰር፣ የትኛው ትል እንደሚሻል፣ ዓሣው በየትኛው ሰዓት ወደ ዳር እንደሚወጣ ያውቃል።

ሚስቱ ከተቀበረች በኋላ ባለወፍጮው ዝም አለ። አርባዋ ሲወጣ ሥራ ገባ። ማለዳ ይከፍታል፣ እስኪመሽ ያስፈጫል፤ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄት እንደተጋገረ ይውላል። ሰው ሲያናግረው «እሺ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ቤቱ መግባት ስለከበደው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ ጆንያዎቹ አጠገብ ፍራሽ አንጥፎ ማደር ጀመረ። ዓሣ ማጥመዱንም ተወ። እኔና አናጺው ያለሱ አንድ ቀን ሞክረን መንገዱ ረዘመብንና ከግማሽ ተመለስን።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከከተማው በታች ባለው የመስኖ ግድብ ውስጥ ዓሣ የሚያረቡ ወጣቶች የማጥመድ ውድድር አዘጋጁ። አንደኛው ሱቄ ድረስ መጥቶ ደንቡን ነገረኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ቡድን ሦስት ሰው ነው። የሚፈቀደው ዘንግ ግን አንድ ብቻ ነው። ውድድሩ ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ፊሽካ ስንነፋ ዘንጉን ትቀያየራላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት ተራ ይደርሳችኋል።»

«ካልተቀያየርንስ?» አልኩት።

«እሱ የናንተ ጉዳይ ነው። እኛ የምንመዝነው ዓሣውን ነው።»

ለአናጺው ስነግረው መጋዙን አስቀመጠ። «ሦስት ሰው ያስፈልጋል ካልነው እንቢ አይለንም» አለ።

«ይምጣልን እንጂ እኔ ተራዬን በሙሉ እሰጠዋለሁ» አልኩት።

«እኔም። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ልቡ ውሃው ላይ ይሁን። ሌላ ምን ልናደርግለት እንችላለን?»

ለእሱ ሳንነግረው በዚህ ተስማማን። ደግ ነገር ያሰብን መስሎን ደስ ብሎን ተለያየን።

ባለወፍጮው «እሺ» አለ። ቅዳሜ ጠዋት መንጠቆዎቹን ከተሰቀሉበት አውርዶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። አናጺው ከቀርከሃ አዲስ ዘንግ ሠርቶ፣ መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶት ነበር። እኔ በሶና ቆሎ ያዝኩ። ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ መንገዱን ሁሉ ያወራው አናጺው ብቻ ነበር።

ግድቡ ዳር ሰው ተሰብስቧል። መምህራን አሉ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች አሉ፣ ከየቀበሌው የመጡ ጎረምሶች አሉ። የመቆሚያ ቦታ በዕጣ ነበርና ለኛ ሸምበቆ የበዛበት ጥግ ደረሰን። አናጺው ፊቱን አጨማደደ። ባለወፍጮው ግን ውሃውን ትንሽ ተመለከተና «እዚህ ጥላ አለ። ጥሩ ነው» አለ። ከቤት ከወጣን ጀምሮ የተናገረው ይኸው ነበር።

የመጀመሪያውን ተራ ያለ ክርክር ሰጠነው። ትሉን ሰካ፣ ክሩን ወረወረ፤ ክሩ ላይ የታሰረው ቡሽ ውሃው ላይ ጸጥ ብሎ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ቡሹ ሰመጠ። መዳፍ የሚያህል፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አወጣ። ከዚያ ሌላ ጨመረ። እኔና አናጺው ተያየን።

ፊሽካው ሲነፋ ዘንጉን ለአናጺው ዘረጋለት።

«እጅህ ሞቋል፤ ቀጥል» አለው አናጺው።

«ተራህ ነው እኮ።»

«ቀጥል አልኩህ! እኔ ቆሎዬን ልብላ።»

ባለወፍጮው ቀጠለ። ሌላ ሦስት ያዘ፤ ግን ፊቱ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ሁለተኛው ፊሽካ ሲነፋ ወደኔ ዞረ። እኔም ወገቤን በእጄ ይዤ፣ «ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ወገቤን ይወጋኛል። ለኔም ያዝልኝ» አልኩ። ውሸት አልችልም፤ ሚስቴም ሁልጊዜ የምትለኝ ይህንኑ ነው።

ወገቤንም ፊቴንም አየ። ከዚያ ዘንጉን ቀስ አድርጎ ሣሩ ላይ አጋደመውና ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ተመካክራችኋል» አለ።

እጄን ከወገቤ ላይ አወረድኩ።

«እሷ ከሞተች ጀምሮ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል። ሰዎች እየሳቁ ከሆነ ስደርስ ያቆማሉ። ባለፈው ወር ማኅበር ላይ ዝክሩን የማውጣት ተራዬ ሲደርስ ‹ዘንድሮ አንተን ይለፍህ› አላችሁኝ። እናንተም ከነሱ ጋር ነበራችሁ። ጽዋውን ከፊቴ አንሥታችሁ ለሚቀጥለው ሰጣችሁ። ያን ቀን አብሬያት የሞትኩ መሰለኝ።»

አናጺው ቆሎውን ኪሱ ውስጥ መለሰ።

«ቤታችን ውስጥ እሳት የምናነደው ተራ በተራ ነበር» አለ ባለወፍጮው። «አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ። ታማ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ድረስ አመላልሻት፣ ጉልበቷ ካለቀ በኋላም የሷ ቀን ሲሆን አታስነካኝም። እንጨቱን እደረድርላታለሁ፤ ክብሪቱን ግን የምትጭረው እሷ ናት። እጇ እየተንቀጠቀጠ ሦስቱ አራቱ ይጠፋባታል። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ‹ተዪው፣ እኔ ላንድደው› ያልኳት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን አኮረፈችኝ።»

ከዚያ ጣቱን ወደ ዘንጉ ቀሰረ። «ሁለት ተራ ነበረኝ፤ ሁለቱንም ጨርሻለሁ። የቀረው የናንተ ነው። ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ያፈርኩትን እፍረት እስካሁን አልረሳውም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አናጺው ቀደመኝና ዘንጉን አነሣ። እንደ እውነቱ እሱ ሲያጠምድ ማየት መከራ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ቡሹ ገና ሲነቃነቅ ይጎትታል። ሁለት ጊዜ ባዶ መንጠቆ አወጣ፤ በሦስተኛው ክሩን ሸምበቆ ላይ ጠመጠመው።

ከኋላችን ጩኸት ሰማን። «ኧረ ተው! ኧረ ቡሹ ይስመጥ በመጀመሪያ! ሃያ ዓመት ሙሉ አስተምሬህ!»

ባለወፍጮው ቆሟል። አናጺውም ዞሮ፣ «ዝም በል! ተራዬ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ባለወፍጮው ሲመልስለት፣ እሱም ሲመልስ፣ እንደ ድሮው ተሰዳደቡ። አጠገባችን ያሉት መምህራን የተጣሉ መስሏቸው ሊገላግሉ ብድግ አሉ። እኔ ግን ከመስከረም ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አናጺው አንድ ዓሣ እንኳ ሳይዝ ግማሽ ሰዓቱ አለቀ።

በእኔ ተራ ሁለት ትናንሽ ቆሮሶ ያዝኩ። ዘንጉ እንደገና ለአናጺው ደረሰ፤ አሁንም ባዶውን መለሰው። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የኔ ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቡሹ ሳይነቃነቅ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ዘንጉ ጎበጠ። እጄን ወደ ውሃው ሊወስደው የሚፈልግ ነገር ተሰማኝ፤ ደነገጥኩ።

«ና ያዝልኝ!» አልኩት ባለወፍጮውን። በዚህኛው ግን አስመስዬ አልነበረም፤ ከልቤ ነው። «ያመልጠኛል፣ ያዝልኝ!»

ሮጦ መጣ፤ ነገር ግን ዘንጉን አልነካም። ትከሻው ትከሻዬን እየነካ አጠገቤ ቆመ። «ተራህ ነው» አለኝ። «አይዞህ፣ አለሁ። አትጎትት። ሲሄድ ልቀቅለት። አሁን... አሁን ሰብስብ። እንደ ስፌት መኪናህ ክር፣ ቀስ ብለህ።»

እሱ እንዳለኝ አደረግሁ። ሲሄድ ለቀቅሁለት፣ ሲደክም ሰበሰብኩ። በመጨረሻ ጥቁርና ለስላሳ፣ ጢም ያለው አምባዛ ከሸምበቆው መሐል ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። የክንዴን ያህል ይረዝማል። አናጺው ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ውሃው ውስጥ ገብቶ አቀፈው። ሁለቱ አብረው ተንከባለሉ። ባለወፍጮው ኮቱን አውልቆ ወረወረበት፤ ዓሣውን በኮት ጠቅልለን ስናወጣ ፊሽካው ተነፋ።

ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ የወጡት መምህራኑ ሙክት ተሸለሙ፤ ለኛ የደረሰን አንዲት ሴት በግ ነበረች። የተያዘው ዓሣ እዚያው በዘይት ተጠብሶ ለሁሉም ቀረበ። መምህራኑ ሙክቱን ከነገ ወዲያ አርደው ሊካፈሉት ተስማሙ። እኛ በጓን በገመድ ይዘን ቆመን ቀረን። አናጺው አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም «አንተ ውሰዳት» ልንለው እንዳሰብን ገባኝ። የዘንጉ ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት።

«ዕጣ እንጣል» አለ ባለወፍጮው። «ወር በወር ትዙር። ማን ይጀምር እንደሆነ ዕጣው ይንገረን።»

ሦስት ጭራሮ ሰበርን። መጀመሪያ ለእኔ፣ ሁለተኛ ለአናጺው፣ ሦስተኛ ለእሱ ወጣ። የካቲትን እኔ ቤት ቆየች፤ አንድ ቀን ሱቅ ገብታ የደንበኛ ሱሪ ጠርዝ አኝካብኝ አዲስ ጨርቅ ቀጠልኩበት። መጋቢትን አናጺው ዘንድ ከረመች። እሱ ለአንዲት በግ በር ከነመቀርቀሪያው ያለው ማደሪያ ሠርቶላት፣ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየው። ሚያዝያ ሲገባ ለባለወፍጮው አስረከብናት።

እሱ በጓን ወፍጮ ቤት ሊያሳድራት አይችልም፤ የሰው እህል አለበት። ስለዚህ ማታ ማታ ወደ ቤቱ ይዟት መግባት ነበረበት። መጀመሪያ ሰሞን አስገብቷት፣ በሩን ዘግቶባት ተመልሶ ወፍጮ ቤት ያድር ነበር። በሳምንቱ ገደማ በጠዋት ሱቄን ስከፍት ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየሁት። «ብቻዋን ስትሆን ትጮኻለች» አለኝና አለፈ።

ወሩ ሊጋመስ ሲል ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። «ኑ! ወልዳለች! ሁለት ናቸው!» እርጉዝ መሆኗን የሸለሙንም እኛም አላወቅንም ነበር። አናጺው ጫማውን ሳያስር መጣ። ስንደርስ ባለወፍጮው አንዱን ግልገል በጋቢው ጫፍ ያደርቃል፤ ሁለተኛዋ ቆማ ለመሄድ ትንገዳገዳለች። አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናት። ጎረቤቱ የሆኑ አንዲት እናት ደጁ ላይ ቆመው፣ «እንግዲህ ሦስት ሆኑላችሁ። አንዳንድ ተካፍላችሁ ትገላገላላችሁ» አሉን። «እናስብበታለን፣ እማማ» አልናቸው። ግን ከመካከላችን ማንም ነገሩን አላነሣውም። ከዚያ ወር ጀምሮ ሦስቱም አብረው ከቤት ቤት ይዞሩ ጀመር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ባለወፍጮው ሱቄ ገባ። አናጺውንም ጠራው። ደንበኛ መለካቱን እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀ።

«ሙት ዓመቷ ደርሷል» አለ። «ከወንዱ ጠቦት አንዱ እጅ የኔ ነው። የቀረውን ሁለት እጅ ከናንተ ልጠይቅ መጣሁ። ስጡኝ።»

አናጺው አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገና «ውሰድ» አለ። እኔም ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

በሙት ዓመቷ ቀን ጠቦቱን ያረደው አናጺው ነው። እኔ ዳሱን ወጠርኩ፤ ሚስቴና የሟቿ እኅቶች ወጡን ሠሩ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ማዕድ ሲቀርብ አንድ አረጋዊ ቄስ፣ «ልጄ፣ ይህ የቤትህ በግ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«የሦስታችን ነው፣ አባ። ዓሣ አጥምደን ያገኘነው ነው» አላቸው።

ቄሱ ግራ ተጋብተው ሲያዩት ሙሉውን ታሪክ ይነግራቸው ጀመር፤ ከዚያ በመሐል ወሬውን ወደ ሚስቱ አዞረ። ሙሽራ ሆና ከታች ጋይንት እንደመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ይዞላት ገባ። እሷ ዓሣ አይታ አታውቅም። እንዳታፍር ፈርታ ሳትጠይቅ እንደ ዶሮ ልትበልተው ተቀመጠች። አሥራ ሁለቱን ብልት ብትፈልግ፣ ብታገላብጥ፣ ክንፉንና ጅራቱን ብትቆጥር አልሞላላት አለ። እሱ ከደጅ ሲገባ ቢላዋውን ይዛ ታለቅሳለች። «የቀረውን ወንዝ ዳር ጥለኸው መጥተህ ነው እንጂ ይህ ሙሉ አይደለም» አለችው።

ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው መጀመሪያ መሳቅ ፈርቶ ተያየ። ቀድመው የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ እኅቶቿ ሳቁ፤ ከዚያ ሁላችንም። ባለወፍጮውም እንባው በጉንጮቹ እየወረደ ሳቀ። ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ተነሣ፤ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከዳር ጀምሮ ለእንግዶቹ ጠላ ይቀዳ ጀመር።