አያ ታረቀኝ የወደቁባቸው ቀኖች

ልጅ ሳለሁ፣ የኮሶዬ ብርድ አላስወጣ አላስገባ ሲለን፣ ራት እስኪደርስ የባሕር ዛፍ ፍሙን ከበን ተረት የምንሰማው ከአባቴ ታላቅ ወንድም ከአያ ታረቀኝ ነበር። የሳቸው ተረት ጅብና ጦጣ የለበትም፤ እሳቸው ራሳቸው የወደቁበት ነው። ጎረምሳ ሳሉ አውድማ ላይ ትግል ገጥመው ጭድ ውስጥ ተቀብረዋል፤ ትክል ድንጋይ ከተማ ወርደው ዱላ መመከት ሲማሩ ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ ጎንደር ከተማ ካራቴ ሲጀምሩ አንድ ቀጭን ተማሪ በአንድ ርግጫ ዘርግቷቸዋል። ሽበት ካወጡ በኋላ ደግሞ ቴኳንዶ ብለው፣ ነጭ ቀበቶ ታጥቀው ከሕፃናት ኋላ ተሰለፉ። «ወይ ጉድ! እንዴት ሸጋ አድርጎ ጣለኝ መሰላችሁ!» ይሉና ኩራዙ እስኪርገበገብ ይስቃሉ።

እኔ ግን አፍር ነበር። ትምህርት ቤት ልጆቹ «የወዳቂው ዘመድ» ይሉኛል። ቴኳንዶ ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ግቢያችን ውስጥ አቧራ ላይ ይጥሉኝና አንስተው በዚያ ሰፊ መዳፋቸው ጀርባዬን ያራግፉልኛል። እኔም ታናሽ ወንድሜን ከጣልሁ ሳላራግፍለት አይለቁኝም። «አያ፣ እርስዎ አንድም ቀን አላሸነፉም?» ስላቸው «ተነሽ እንጀምር» ነው መልሳቸው። ያኔ በሰው ፊት አሸንፌ ስማቸውን ላስጠራ ለራሴ ማልሁ።

ቀኑ ደረሰና ጎንደር ላይ በቴኳንዶ ውድድር ከኮላ ድባ ከመጣች ልጅ ጋር ተጋጠምሁ። መጨረሻው ላይ ደረቷን ብላት በጀርባዋ ተዘረጋች። ዳኛው እጄን ሊያነሳ ሲጠብቅ እኔ ልጅቷን አንስቼ ጀርባዋን ማራገፍ! ምንጣፍ ላይ ምን አቧራ አለና? አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

የልጅቷ አሠልጣኝ፣ ሽበታም ሰው ናቸው፣ እሳቸው ብቻ ሳይስቁ መጡ።

«አንቺ፣ የታረቀኝ ምኑ ነሽ?»

«አጎቴ ናቸው።»

«እኔን በትግልም፣ በዱላም፣ በካራቴም ጥሎኛል። ሦስቴም እንዲህ አራግፎኛል። ወንድ ማለት እሱ ነው!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ኩራቱ እንባዬን አመጣው።

ቤት እንደገባሁ አፋጠጥኋቸው። «ምነው አያ፣ ደበቁኝ?»

«ምኑን ደበቅሁሽ? የወደቀው እሱ፣ ወሬውም የሱ። እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ላውራው?»

ዛሬ ጎንደር ውስጥ ሴት ልጆች አሠለጥናለሁ። ልጆቼ ጥለው ሳያራግፉ አይሄዱም፤ ምንጣፍ ላይም ቢሆን። የአያን ድል ግን ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። ይህን ሰምተው ባለፈው «አንቺስ ምን ቤት ነሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

«ከሰው ሁሉ አብልጠው የጣሉት ማንን ነው? እኔን አይደል? እንግዲያው ወሬው የኔ ነው!» አልኋቸው።

«በይ ረታሽኝ» ብለው እንደ ድሮው ሳቁ። ሰሞኑን ኮሶዬ ላይ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ፣ እንዴት ሸጋ አድርጌ እንደረታኋቸው ያወራሉ አሉ።